አራት መስመር ለሰባተኛዋ

አራት መስመር ነው። «ለእያንዳንዱ ቃል አራት መስመር፣ ከዚያ አይበልጥም አባባ» አለኝ ፈዬራ ትናንት በስልክ፣ እኔም ንግግሩን ሳይጨርስ አሰላሁት፤ አንዱ መስመር አሥር ቃል ቢይዝ አርባ ቃል መሆኑ ነው። ሰባ አራት ዓመት ኖሬ፣ አንድ ምግብ ቤት ከፍቼ፣ አንዲት ልጅ አስተምሬ፣ አንዲት ሚስት ቀብሬ፣ ከአዳማ ተነስቼ ኖርዌይ ድረስ መጥቼ፣ ከዚህ ሁሉ የሚተርፈው አርባ ቃል ነው፣ እሱም ስለ አሳ። ትንሽ ነው አላልኩም። አርባ ቃል ለእውነት ይበቃል፣ ለውሸትም ይበቃል፣ ችግሩም እዚያ ላይ ነው፤ ፈዬራ ያነበበልኝ አራት መስመር ውሸት ነው፣ ውሸቱንም የነገርኩት እኔ ነኝ። ዛሬ በአዳማ ሰዓት ስምንት ላይ ደውሎ «ይሁን?» ሲለኝ «ይሁን» ካልኩ ማተሚያ ቤት ይገባል፣ ማተሚያ ቤት ከገባ በኋላ አንዲት ሴት ከገዛ ሥራዋ ላይ ለሁለተኛ ጊዜ ትባረራለች። የመጀመሪያውን ጊዜ ያባረርኳት እኔ ነኝ።

እዚህ ሦስት ሰዓት ከሩብ ጠዋት ነው፣ አዳማ አራት ከሩብ። እንቅልፍ የሚባል ነገር ካየሁ ሦስተኛ ቀኔ ነው፣ ምክንያቱም በግንባሬ ተደፍቼ ነው ያለሁት። የቀኝ ዓይኔ መጋረጃ ከኋላ ተላቀቀና ሐኪሞቹ መልሰው ለጠፉት፣ እንዳይነሳም የጋዝ አረፋ ውስጡ ከተቱበት፤ አረፋው ወደ ላይ ስለሚገፋ እኔ ወደ ታች ማየት አለብኝ፣ አምስት ቀን፣ በየሰዓቱ ሃምሳ ደቂቃ ተደፍቶ አሥር ደቂቃ መነሳት። ይህን ሲነግሩኝ ደስ አለኝ፣ ቁጥር ያለው ሕመም አያስፈራኝም። ትራሱ መሃሉ ክፍት ነው፣ በክፍተቱ የእንጨቱ ወለል ይታየኛል፣ ወለሉ ላይ ስልኬን አስቀምጬ በግራ ዓይኔ አየዋለሁ፣ ሱጁድ ላይ ሆኖ መነሳት እንደረሳ ሰው። አረፋው እስኪጠፋ ድረስ አውሮፕላን ክልክል ነው፣ ስምንት ሳምንት። ልጄ ሀኒያ ባሕሩ መሃል ባለው የነዳጅ ማውጫ ላይ ነው የምትሠራው፣ ሁለት ሳምንት ሠርታ አራት ሳምንት ታርፋለች፣ አሁን ከሁለቱ ሳምንት ስድስት ቀን ይቀራታል። እስክትመጣ በቀን አራት ጊዜ አንዲት ነርስ ትመጣለች፣ በሩ ላይ የተሰቀለውን የቁልፍ ሳጥን በቁጥር ከፍታ፣ «ታሃ» ትላለች፣ ስሜ ጠሃ ነው፣ ጠ ግን አፏ ውስጥ የለችም፣ ቀና ታደርገኛለች፣ ሁለት ጠብታ ትጨምራለች፣ ትሄዳለች። ለማላውቃት ሴት የቤቴን ቁልፍ ሰጥቻለሁ፣ እሷም ከቤቴ አንድ ማንኪያ አላነሳችም። በመጀመሪያው ቀን ማንኪያዎቹን ቆጥሬአለሁ፣ አልዋሽም። ለዓይኔ የደከሙትን ሰዎች ሳስብ፣ አንዳቸውንም ሳላውቅ፣ አልሐምዱሊላህ እላለሁ፣ በየጠብታው።

ፈዬራን ደግሞ የማውቀው ከአራት ወር ወዲህ ነው። አዳማ ያስተምራል፣ የሁለት ልጆች አባት ነው፣ ከአዋሽ እስከ ባቱ ያለውን የምግብ ስምና የከተማ አራዳ ቃል ከየት እንደመጣ እየጠየቀ ለሚያሳትመው መዝገበ ቃላት ይሰበስባል። ስልኬን ያገኘው ከሙሉአለም ነው፣ ከድሮው አሳላፊዬ፣ ዛሬ ምግብ ቤቱን ከያዘልኝ። ሲደውል መጀመሪያ በኦሮምኛ «አካም ጅርቱ አባባ» ይላል፣ እኔም «ነጋ»፣ ሰላም ነው፣ እላለሁ፣ ከዚያ ወደ ሥራ። ብልህ ልጅ ነው፣ መጀመሪያ የሚያውቀውን ይሰጥሃል፣ ኋላ የማያውቀውን ይወስዳል። «ስልስን ያውቃሉ፣ ከጣሊያኖቹ ሳልሳ ነው።» አውቃለሁ፣ ጎሚስታም ከእነሱ ነው። «ጨጨብሳ ደግሞ የኛ ነው፣ ጨጨብሱ ማለት መሰባበር ነው።» እሱንም አውቃለሁ፣ አንተ ሳትወለድ ነው የሰበርኩት። ይስቃል። «እሺ፣ ሰባተኛስ?» አለኝ አንድ ቀን፣ እኔም ሠላሳ ዓመት ሙሉ ስናገረው የኖርኩትን አፌ ብቻውን ተናገረው። ትናንት አሳጥሮ አነበበልኝ፦ «ሰባተኛ፤ በአዳማ የሚዘወተር የአሳ ምግብ። በአንድ ሳህን ስድስት ቁራጭ አሳ ሲቀርብ የቤቱ ባለቤት ሀጂ ጠሃ ለአላህ ብለው አንድ ቁራጭ በነፃ ይጨምሩ ነበር። ሾፌሮች ከዚህ ተነስተው ምግቡን ሰባተኛ አሉት። ሰባተኛ እንብላ ማለት እንታረቅ ማለት ነው።» ያምራል። ሰው ቢሰማው ያለቅሳል። «ሌላ አንድ ቃል ነበረኝ» አለ ደግሞ፣ ድምፁን ትንሽ ዝቅ አድርጎ፣ «ስስታም ሰውን ስድስት ይሉታል አይደል፣ እሱ ከየት መጣ?» አላውቅም አልኩት፣ እውነቴን ነው፣ ራሴ ስንቱን ሰው ስድስት ብዬ ሰድቤአለሁ፣ ቆዳ ነጋዴውን ጎረቤቴን አሥራ አንድ ዓመት ስድስት ነበር የምለው። ፈዬራ ዝም አለ። እንግዲያው ነገ ደውል ብዬ ዘጋሁ።

ስድስት ቁራጭ የእኔ ሕግ ነው፣ እሱስ እውነት ነው። ከወሎ ስመጣ ከተማዋን ናዝሬት ነበር የምንላት፣ ኋላ ስሟ አዳማ ሆኖ ሲመለስም እዚያው ነበርኩ፤ ከዚያ በፊት በ1986 ወደ ወለንጪቲ በሚወጣው መንገድ ላይ አሳ ቤት ከፈትኩ። ለምን አሳ? ምክንያቱም የጅቡቲ መንገድ ሾፌር ግማሹ እስላም ነው ግማሹ ክርስቲያን፣ ሥጋ ካቀረብክ አንዱ የአንዱን አይበላም፣ ሁለት ቢላዋ፣ ሁለት ድስት፣ ሁለት ወጥ ቤት ያስፈልግሃል። አሳ ግን ማንም አያርደውም፣ ቢስሚላህ ያለውም በስመ አብ ያለውም ከአንድ ሳህን ይበላል፣ እኔ ደግሞ አንድ ድስት ይበቃኛል። በየጠዋቱ ቆቃ ወርጄ አርባ ቆሮሶ አመጣለሁ። ከአንዱ አሳ ሁለት ጎን፣ ከአንዱ ጎን ሦስት ቁራጭ፣ አንድ አሳ አንድ ሳህን፣ ስድስት። ክብሪት እንኳ እቆጥር ነበር። ወጥ ቤት ውስጥ ሸዋወርቅ ናት፣ የሸዋ ሰው፣ ዝምተኛ፣ እጇ ፈጣን፣ ሙሉአለም በመስኮቷ «አንድ ቆሮሶ!» ብሎ ሲጮህ ሁለተኛ አይጠራትም። እኔ ሒሳብ መቀበያው ላይ እቀመጣለሁ፣ ምሳዬን ቤቴ ነው የምበላው፣ የራሴን አሳ ቀምሼ አላውቅም፣ ምክንያቱም አርባው አርባ ሳህን ነው፣ እኔ ከበላሁ ሠላሳ ዘጠኝ ነው።

ሰባተኛ የሚለውን ስም ያስገኙት ሁለት ሾፌሮች የመጡ ቀን እኔ ቆቃ ነበርኩ፣ ስለዚህ የማውቀው ከሰው አፍ ነው። መሐመድዘይንና ገብረወልድ። አዋሽ ላይ አንዱ የአንዱን መኪና መውጫ ዘግቶበት ተሰዳድበዋል፣ ሦስት ቀን አልተነጋገሩም፣ አሁን ግን ሌላ ወንበር ጠፍቶ አንድ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠዋል፣ ሙሉአለምም ሳይጠይቅ አንድ ሳህን አቅርቦላቸዋል። ይበላሉ፣ አይተያዩም፣ ሦስት ለዚህ፣ ሦስት ለዚያ። ከእንጀራው ሥር አንዲት ክብ ነገር ብቅ ትላለች፣ ቡናማ፣ ሽንኩርትና ቃሪያ የምትሸት። እጃቸው ይቆማል። «ብላት» ይላል ገብረወልድ፣ ግድግዳውን እያየ። «አንተ ብላት።» «ሦስቴን በልቻለሁ።» «እኔስ አራት በላሁ? ወላሂ አልነካትም!» «በጊዮርጊስ እኔም አልነካትም!» ቤቱ በሙሉ መብላት አቁሞ ያያል። ሙሉአለም ፎጣውን ትከሻው ላይ ጥሎ ይመጣል፣ «እሷን ሳትበሉ ሳህን አላነሳም፣ ሳህን ሳላነሳ አትነሱም፣ ቆሞ የሚጠብቅ ሕዝብ አለ!» ገብረወልድ ቆርሶ፣ ተናዶ፣ እንደ ቡጢ ወደ መሐመድዘይን አፍ ይሰነዝረዋል፣ ያኛው ይጎርሳል፣ የቀረችውን አንስቶ እሱም ያጎርሰዋል። ከዚያ ወዲህ በመንገዱ ላይ የተጣላ ሁሉ «ኑ ሰባተኛ እንብላ» ይባላል፣ ድሬዳዋ ድረስ። ሦስት ዓመት። በየቀኑ አርባ ሳህን ከነሰባተኛው እየወጣ፣ አዳማ ሁሉ ያውቃል፣ ሞጆ ያውቃል፣ ያላወቅኩት እኔ ብቻ ነኝ፣ ቆጣሪው።

ያወቅኩት እንግዳ መጥቶብኝ አብሬው የበላሁ ቀን ነው። ስድስቱ አለቀ፣ እንጀራው ተነሳ፣ ሰባተኛዋ ወጣች። ጣፈጠችኝ ወይስ አልጣፈጠችኝም? አላስታውስም፣ እየቆጠርኩ ነበር። በሳህን አንድ ትርፍ፣ በአርባ ሳህን አርባ ቁራጭ፣ አርባ ለስድስት ሲካፈል በቀን ስድስት አሳ ከምናምን፣ ሦስት ዓመት! እንግዳዬን ሳልሸኝ ወጥ ቤት ገባሁ። «ከየት እየመጣ ነው?» አልኳት። «ከዚሁ ነው ጋሼ።» «ከዚሁ ማለት ከእኔ ማለት ነው።» «አንድ አሳ አልነካሁም፣ ይቁጠሩት።» «ቆጥሬዋለሁ!» ሽርጧን ፈታች፣ ለሁለት አጠፈችው፣ ለአራት አጠፈችው፣ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ በጓሮ በር ወጣች። በአራተኛው ቀን ጓሮ ብወጣ ድመት። አንድ አይደለም፣ ዘጠኝ። ከቆሻሻ በርሜሉ ላይ ተደርድረው የአሳ ጭንቅላትና አጥንት ይጎትታሉ፣ በአጥንቱ ላይ ሥጋው እንዳለ ነው። አሳ ቤት ከፍቼ ሦስት ዓመት ጓሮዬ ድመት መጥቶ አያውቅም፣ ይህንንም አንድም ቀን ልብ አላልኩትም፣ የሌለ ነገር አይቆጠርማ። እሷ ከአጥንቱ ላይ፣ ከጉንጩ ላይ፣ ከአንገቱ ሥር፣ እኔ ከምጥለው ላይ እየፋቀች ነው ሰባተኛዋን ትሠራ የነበረው። አንድ አሳ አልጎደለም። አርባው አርባ ነበር።

ያን ዕለት ሄጄ ልጠራት ይገባ ነበር። ወለንጪቲ እህቷ ዘንድ እንደሄደች ሙሉአለም ነግሮኛል፣ ሃያ አምስት ኪሎ ሜትር ነው። ነገ አልኩ። በዚያ መሃል ሾፌሮቹ «ሰባተኛዋስ?» አሉ፣ አዲሷን ወጥ ሠሪ አጥንቱን እንድትፍቅ አሳየኋት፣ ሰባተኛዋ ተመለሰች፣ አንዱ ሾፌር «ጋሼ፣ ይቺ ነገር የእርስዎ ሰደቃ ናት አሉ» አለኝ፣ እኔም «አላህ ይቀበለኝ» አልኩ። ይኸው ነው፣ ሁለት ቃል፣ ሠላሳ ዓመት የቆየው ሁለት ቃል ነው። በሩ ላይ «ሰባተኛ አሳ ቤት» ብዬ አስጻፍኩ። በሰባተኛዋ ሀኒያን አስተማርኩ፣ በሰባተኛዋ ቤት ሠራሁ፣ በሰባተኛዋ ሐጅ ሄድኩ። ሐጅ ከመሄዴ በፊት ደግሞ እንደ አባቶቻችን ወግ የሰው ሐቅ እንዳይኖርብኝ ቤት ለቤት ዞሬ «አውፍ በሉኝ፣ ይቅር በሉኝ» ብያለሁ፣ ስልሳ ሁለት ሰው። ቆዳ ነጋዴውን ሳይቀር። ስልሳ ሁለቱም አውፍ አሉኝ። በዝርዝሩ ላይ እሷ የለችም፣ ረስቼ አይደለም፣ ሰው ዘንድ ከሄድክ ምን እንዳደረግክ መናገር አለብህ፣ ከተናገርኩ ደግሞ በሩ ላይ ያለውን ጽሑፍ ማውረድ አለብኝ። እና ሐጅ ሄድኩ፣ ሃያ አምስት ኪሎ ሜትሯን ዘልዬ መካ ደረስኩ።

እዚህ በመጣሁ በሁለተኛው ሳምንት ሀኒያ ከሱቅ ክብ ክብ የአሳ ጥብስ ገዝታ መጣች፣ የተፈጨ ነው፣ ኖርዌዮቹ ይወዱታል። ቀመሰችና «አባ! ሰባተኛ!» ብላ ጮኸች። «እንዲያውም እኮ ያንተን ነው የሰረቁት!» እሷ ሳቀች፣ እኔ መዋጥ አቃተኝ። «ምነው አባ፣ አጥንት አለው?» አዎ አልኳት። የነርሷ ቁልፍ ይሰማኛል፣ ቀና ታደርገኛለች፣ ሁለት ጠብታ፣ «ጥሩ ነው ታሃ፣ ጥሩ ነው»፣ በሩ ይዘጋል፣ ተመልሼ እደፋለሁ። አራት ሰዓት ሆኗል፣ አዳማ አምስት። ሦስት ሰዓት ይቀረኛል። ጣቴን በትራሱ ሥር ሰድጄ የሙሉአለምን ቁጥር ነካሁ።

«ሀጂ! ዓይንዎ በራ?»

«ወለል እያየሁ ነው። ሙሉአለም፣ ሸዋወርቅ አለች?»

ሳቁ ቆመ። «አለች። ወለንጪቲ፣ ገበያው አጠገብ። ጉልበቷን ያማታል እንጂ ምላሷ ደህና ነው። ሠላሳ ዓመት አልጠየቁኝም፣ ዛሬ ምን አገኘዎት?»

ነገርኩት፣ ስለ አራቱ መስመር፣ ስለ ፈዬራ። በመጨረሻ ስለ ሌላውም ቃል አነሳሁ፣ ልጁ ስድስት ከየት እንደመጣ ጠይቆኝ አላውቅም አልኩት ስለው ከወለሉ ላይ የመጣው ሳቅ ስልኩን አንቀጠቀጠው። «ወላዲተ አምላክ! አያውቁም? እውነትዎን ነው አያውቁም?» «ምኑን?» «ሀጂ፣ ስድስት ማለት እኮ እርስዎ ነዎት! እኔ ነኝ ያወጣሁት! መጀመሪያ በመስኮት ‹ስድስት መጣ› እያልኩ ሸዋወርቅን ሳስጠነቅቃት፣ ሰባተኛዋን እንድትሸፍን! ከእኛ ሾፌሮች ወሰዱት፣ ከሾፌሮች ከተማው። ልጁ እኮ ከእኔ ሰምቷል፣ በእርስዎ አፍ እንዲነገር ብሎ ነው የጠየቀዎት።» የፈዬራ ዝምታ ገባኝ። ቆዳ ነጋዴው ስድስት ስለው ለምን ፈገግ ይል እንደነበረ ገባኝ። አሥራ አንድ ዓመት በገዛ ስሜ ስሰድበው! ተደፍቼ ሳቅኩ፣ እንዳልስቅ ሐኪሙ አልከለከለኝም፣ ግን ዓይኔ ይርገበገባል። «የልጇን ቁጥር ልስጥዎት፣ ኮከብ ትባላለች» አለ ሙሉአለም፣ «እርስዎ ግን ቁጥር አይጠፋብዎትም፣ ልንገርዎትና ይያዙት።» ነገረኝ፣ ያዝኩት።

ያነሳችው ኮከብ ናት። «ማን ልበል?» «ጠሃ በያት፣ ከእናትሽ ጋር አብረን እንሠራ ነበር።» አብረን። ስልኩ ከእጅ ወደ እጅ ሲሄድ ይሰማኛል፣ የዶሮ ድምፅ፣ የሆነ ሰው በኦሮምኛ በሽንኩርት ዋጋ ይከራከራል፣ ከዚያ ትንፋሽ።

«እትዬ ሸዋወርቅ፣ እንደምን ነዎት? ጠሃ ነኝ።» ያኔ ሦስት ዓመት አንቺ ስላት ኖሬ አሁን እርስዎ ከአፌ ወጣ፣ አልመለስኩትም።

«የቱ ጠሃ?»

«የአሳ ቤቱ።»

«አሃ። ስድስት።»

«አዎ፣ እሱ ነኝ» አልኩ። ሁሉንም ተናገርኩ፣ ድመቶቹን፣ ሰደቃዬ ነው ማለቴን፣ የበሩን ጽሑፍ፣ ሐጁን፣ ስልሳ ሁለቱን ሰው። አሁን ስምዎን አስገብቼ አስተካክለዋለሁ፣ አራት መስመር ነው፣ አልኩ። «ስሜን አያስገቡ» አለች። «ለምን?» «ስምንት ዓመት ሆኖታል፣ ለጉልበቴ አዳማ መጥቼ ኮከብ ‹እንየው እማ› ብላ ይዛኝ ገባች። አራተኛው ጠረጴዛ ላይ ተቀመጥን። እርስዎ ሒሳብ ላይ ነበሩ፣ አዩኝ፣ እጅዎን ደረትዎ ላይ አድርገው እንደ ማንኛውም ሰው ሰላም አሉን። ሰባተኛዋ መጣች። ዱቄት! ዱቄት በዱቄት፣ ጎማ! በእኔ ስም ጎማ እንዲጻፍ አልፈልግም።» አየኋት ማለት ነው። አራተኛው ጠረጴዛ ላይ። ሰላምም ብያታለሁ። ግንባሬ ከትራሱ ጋር ተጣበቀ። «እንግዲያው እንዴት እንደሚሠራ ይንገሩኝ፣ እሱም ይጻፍ» አልኩ። «ይጽፋሉ?» «መጻፍ አልችልም፣ ዓይኔ ታሟል፣ ግን አልረሳም።» አታምነኝም ብዬ ነበር፣ አመነችኝ፣ መቁጠሬን ታውቃለች። አጥንቱ አንዴ ገንፈል ሲል ይወጣል። በቢላዋ አይፋቅም፣ በማንኪያ። ሽንኩርቱ ጥሬውን ደቆ በጨው ታሽቶ ይጨመቃል። ቃሪያ፣ ትንሽ ዝንጅብል። ዱቄት የለም፣ የትናንት እንጀራ ደርቆ ተፈርፍሮ። በመዳፍ እንጂ በማንኪያ አይድበለበልም።

«ይህን ከማን ተማሩት?» አልኳት።

«ከእርስዎ።»

«ከእኔ?»

«ክብሪት ይቆጥሩ አልነበር? ይህ ሰውዬ የማይቆጥረው ምን አለ ብዬ ፈለግኩ፣ አጥንት ብቻ ሆኖ አገኘሁት። ከመስኮቴ ደግሞ ሰዎቹ ይታዩኛል። ስድስት ለሁለት ሰው ልክ ይደርሳል፣ ሦስት ሦስት በልተው አፋቸውን ጠርገው ይነሳሉ፣ ማንም ማንንም አያጎርስም። አንድ ብትተርፍ ብዬ ነው።»

ዶሮው ጮኸ። ሽንኩርቱ ተሸጠ መሰለኝ፣ ክርክሩ ቆሟል። ሸዋወርቅ ካባረርኳት በኋላ ሦስት ዓመት አውቶቡስ ተራ ሻይ ሸጣለች፣ ይህን የነገረችኝ ሳልጠይቃት ነው፣ ድምፅዋን ሳትለውጥ፣ ሽርጡን እንዳጠፈችው። እኔም በመጨረሻ የደወልኩበትን ተናገርኩ፣ «አውፍ ይበሉኝ።»

«በስልክ አልልም» አለች።

«እትዬ ሸዋወርቅ…»

«ስልሳ ሁለቱ ዘንድ በእግርዎ አልሄዱም? እኔ ከማን አንሼ ነው በስልክ? ይምጡ። ጉልበቴ ስለሚያመኝ ከቤት አልወጣም፣ አያጡኝም።» ደግሞም፣ «ዓይንዎ እስኪድን አልሞትም» አለች። «ለእርስዎ ብዬ አይደለም፣ ኮከብን ልድራት ነው።»

ስልኩ ተዘጋ፣ እኔ ግን ለረጅም ጊዜ የጠቆረውን መስታወቱን አየሁ፣ ፊቴ እዚያ ውስጥ አለ፣ አንድ ዓይን ያለው ሽማግሌ። አልከፋኝም። እንዲያውም የመጣብኝ ሌላ ነገር ነው፣ ያችን ሴት የፈጠረ አምላክ እኔ ወጥ ቤት ውስጥ አምጥቶ ያስቀመጣት ምን አይቶብኝ ነው ብዬ። ቤቴ በእሷ፣ ልጄ በእሷ፣ ልጄ ያመጣችኝ አገር በእሷ፣ ይህ ዓይኔ እንኳ ቢታሰብ ከአሳ አጥንት ላይ በማንኪያ የተፋቀ ነው። ሃምሳ ደቂቃዬ አልቆ ነበር፣ መነሳት ረስቼ ነው የቀጠልኩት።

ፈዬራ ልክ በስምንት ሰዓት ደወለ። «አባባ፣ ይሁን?» «አይሁን» አልኩት። የሸዋወርቅን ነገር ከሥር ከመሠረቱ ነገርኩት፣ አሠራሩን ደግሞ አንድ በአንድ። ሲጽፍ ይሰማኛል። «አባባ፣ ታሪኩ ቆንጆ ነው፣ ግን አሠራሩ ሲጨመር ወደ ሰባት መስመር ይሄዳል፣ እኔ ያለኝ አራት ነው፣ ገጹ ተሠርቶ አልቋል።» ነጋዴ ሆኜ አርጅቼ የለ። «ስድስት ለሚለው ቃልስ ስንት መስመር አለህ?» «ያው አራት። ግን…» «ፈዬራ፣ አውቃለሁ። ሙሉአለም ነግሮኛል።» አፈረ። «አንተ አትፈር፣ ያለህ ስምንት መስመር ነው አይደል? ስድስትን በአንድ መስመር ጨርሰው፣ ሰባቱን ለእሷ ስጣት።» «በአንድ መስመር ምን ብዬ?» አስቀድሜ ቆጥሬው ነበር፣ በጣቴ፣ ትራሱ ላይ። «ጻፍ፦ ስድስት፤ ቆጥቋጣ ሰው፤ ከአሳ ቤቱ ባለቤት ከሀጂ ጠሃ የወጣ ስም። አሥር ቃል ነው፣ ልክ ይገባል።» «አባባ፣ ስምዎ እኮ እዚህ ሥር ከገባ አይወጣም፣ የልጅ ልጅዎ ያነበዋል። ደግሞ ያስቡበት።» «ስሜን ቀድሞም ከተማው ይዞታል፣ አንተ ሆሄውን አስተካክል።» ሳቀ፣ «ገለቶማ አባባ» ብሎ አመሰገነኝ። የበሩንም ጽሑፍ ዛሬውኑ እንዲያወርደው ለሙሉአለም ደወልኩ፣ ምን ብዬ ላስጽፍ አለኝ፣ መጥቼ እሷን ጠይቄ እነግርሃለሁ አልኩት።

እንግዲህ ሒሳቡ ይህ ነው። ከስምንት መስመር ሰባቱ የሸዋወርቅ ሆኗል፣ አንዱ የእኔ። የሠላሳ ዓመት ሰደቃ ከስሜ ተነስቷል፣ መጀመሪያም የእኔ አልነበረም። ሰባተኛዋ እንዴት እንደምትሠራ አውቄአለሁ፣ በሠላሳ አንደኛው ዓመት። ከስልሳ ሦስት ሰው ስልሳ ሁለቱ አውፍ ብለውኛል፣ አንዷ ቀርታለች፣ ያለ እሷ ስልሳ ሁለቱ አይሞላም። አረፋው እስኪጠፋ ስምንት ሳምንት። ከዚህ እስከ አዳማ ያለውን መንገድ አልቆጥረውም፣ እሱን አውሮፕላኑ ይቁጠረው። ከአዳማ በኋላ ያለው ሃያ አምስት ኪሎ ሜትር ግን የእኔ ነው።